ኔትወርክ ያለበት ጉብታ

ይህን ከመጻፌ በፊት ባለቤቴን ፈቃድ ጠይቄዋለሁ። «ጻፊው፤ እኔ ግን አላነበውም» ነው ያለኝ። ስለዚህ የማወራችሁ እኔ ራሴ ያየሁትንና የሰማሁትን ነው። የሰዎቹን ስም ቀይሬያለሁ፤ የቀረው እንደነበረ ነው።

የምንኖረው መካነ ሰላም ነው። እኔና ባለቤቴ መላኩ የምንሠራው አንድ ግቢ ውስጥ ሲሆን፣ እሱ የሠራተኞች ቅጥር፣ ዝውውርና የትምህርት ፈቃድ የሚያልፍበት ክፍል ኃላፊ ነበር። እኔ መዝገብ ቤት ነኝ። ያኔ የእኔ ሥራ ፋይል አቅፎ ከቢሮ ቢሮ መዞር ነበር። አንዱ ይፈርማል፣ ሌላው ይመራል፣ ሦስተኛው «ኃላፊው ይየው» ብሎ ይመልሰዋል። ከገጠር ቀበሌ ማመልከቻ ይዞ የመጣ ሠራተኛ፣ ኃላፊው ስብሰባ ገብቷል ከተባለ፣ አልጋ ይዞ ማደር ነበረበት።

መላኩ ይህን ስለሚያውቅ ከወንበሩ አይነሳም ነበር። በትዳር በቆየንባቸው ዓመታት የዓመት ዕረፍቱን በሙሉ የወሰደበትን ጊዜ አላስታውስም። እናቱ እምዬ የሺ ከከላላ ወዲያ፣ ከከተማው ግማሽ ቀን በእግር በሚያስኬድ ቀበሌ፣ ከእህቱ ከአበበች ጋር ነበር የሚኖሩት። ለፋሲካ ወይም ለጥምቀት እንሄዳለን፤ አድረን እንመለሳለን። እምዬ በወጣን ቁጥር እስከ አጥሩ ይሸኙንና «እንዲያው እሳት ልትጭሩ ነው እንዴ የመጣችሁት?» ይሉናል። መላኩ ይስቃል፤ መንገድ ላይ ግን እየዞረ ወደ ኋላ ያያል።

ከዚያ ሲስተሙ መጣ። መጀመሪያ ላይ የሚያደርገው ማመልከቻውን ስካን አድርጎ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር ማስተላለፍ ብቻ ነበር። ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ግን አዳዲስ ነገሮች ተጨምረውለት፣ ከዞን አንድ ባለሙያ ሊያሳየን መጣ። ሁላችንም አዳራሽ ተሰበሰብን። ከእንግዲህ ጉዳዩ የት እንደደረሰ ለአመልካቹ በስልኩ መልእክት ይደርሰዋል አለን። ኃላፊው የትም ይሁን የት ከስልኩ ላይ ማጽደቅ ይችላል። መውጣት የፈለገ ደግሞ ሌላ ሰው ይወክላል፤ ሲስተሙም ሥራውን በራሱ ወደ ተወካዩ ያዞረዋል። በተወሰነለት ጊዜ ውሳኔ ያላገኘ ጉዳይ ራሱን ይዘጋል።

«በራሱ?» አለ የመላኩ የሥራ ባልደረባ ሰይድ።

«በራሱ» አለ ባለሙያው። «ማንም ጉዳይ ይዞ መተኛት አይችልም።»

ሰይድ ወደ መላኩ ዞር ብሎ፣ «እንግዲህ ጋሼ፣ ምክንያት የለዎትም። እኔን ይወክሉና እናትዎን ሄደው ይጠይቁ» አለው። አዳራሹ ሳቀ። መላኩም ሳቀ። እኔ ግን ከልቤ ደስ አለኝ። በዚያ ሳምንት ጫማዬ አቧራ አልነካውም፤ ሰዎችም ጉዳያቸው ያለቀላቸው ቤታቸው ሆነው ነው።

ጥቅምት ሲገባ አበበች ከላላ ገበያ ወጥታ ደወለች። እምዬ ከክረምት ጀምሮ የያዛቸው ሳል ጠንቶባቸዋል። ጤና ጣቢያ ተወስደው መድኃኒት ተሰጥቷቸዋል፤ ግን እህል አልበላ ብሏቸዋል። «ስምህን እየጠራች ነው» አለችው።

መላኩ በማግስቱ ሰይድን ወከለ። እኔም ፈቃድ ወሰድኩና ወጣን። ግማሹን በሚኒባስ፣ ግማሹን በአይሱዙ፣ ከከላላ በኋላ በእግራችን። ገብሱ ነጥቶ ሊታጨድ ደርሷል። መላኩ ከፊት ከፊት ይሄድ ነበር፤ እንደዚያ ሲፈጥን አይቼው አላውቅም።

እምዬ ከመደቡ ላይ፣ በጋቢ ተጠቅልለው ተኝተው አገኘናቸው። ሰውነታቸው አልቆ ነበር። መላኩ ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ሲስም ራሱን በሁለት እጃቸው ያዙትና አገላብጠው አዩት።

«ስንት ቀን ነህ?» አሉት።

«እስኪሻልሽ ነኝ።»

«ቢሮህ ፈቀደ?»

«ፈቀደ እማ። አሁን ሌላ ሰው ይሠራልኛል።»

«ተመስገን» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ አፊያ ነሽ ልጄ? ከሳሽ።» ራሳቸው አልቀው የእኔን መክሳት ያዩ ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት በሕይወቴ ካየኋቸው መልካም ቀናት ውስጥ ናቸው። መላኩ እናቱን በእጁ አጥሚት ያጠጣል፤ ፀሐይ ሲወጣ አቅፎ ደጅ ያወጣቸዋል፤ እግራቸውን ያጥባል። እሳቸው ሕፃን ሳለ ያደረገውን ያወራሉ፤ እሱ ይክዳል፤ አበበች ትመሰክርበታለች። የነፍስ አባታቸው መጥተው ጸሎት አደረሱላቸው። እምዬ ትንሽ ትንሽ መብላት ጀመሩ። አበበች በጓዳ «መድኃኒቷ አንተ ነበርክ» አለችው። እኛም ተሻላቸው ብለን አመንን።

ቤቱ ውስጥ ኔትወርክ የለም። ስልክ የሚሠራው ከመንደሩ በላይ ካለው ጉብታ አናት ላይ ወጥቶ ነው። ኤሌክትሪክም ስለሌለ መላኩ ስልኩን በሶላር ቻርጅ የሚያደርግ ጎረቤት ዘንድ አስቀምጦት ነበር። ጎረቤቱ አቶ ይመር ቤታቸው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ መልእክት እንደ ምንም ይገባል፣ ኢንተርኔት ግን አይሠራም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ አቶ ይመር ስልኩን ይዘው መጡ። «ያ ረቢ! ይኼ ነገር ሲጮህ ዋለ። ሰው ሞቶ ይሆን ብዬ አመጣሁት» አሉ።

መላኩ ከፍቶ አነበበ። ከሲስተሙ የተላከ ነው። የእሱን ውሳኔ የሚጠብቅ አንድ ጉዳይ እንዳለ፣ እስከዚያው ዕለት የሥራ መውጫ ሰዓት ካልተወሰነ እንደሚዘጋ ይላል። ያው መልእክት ደጋግሞ ገብቷል። ከሥሩ የሰይድ መልእክት ነበር፤ «ጋሼ፣ የዘሃራ ጉዳይ ነው። እኔ ሞከርኩ፣ አይቀበለኝም። ለትምህርት ዕድል ውክልና አይሠራም ይላል። ይድረሱላት።»

ዘሃራን ሁላችንም እናውቃታለን። ሩቅ ቀበሌ ያለች ጤና ኬላ ውስጥ የምትሠራ፣ ለዲግሪ ለመማር በየዓመቱ የምታመለክትና በየዓመቱ የምትቀር ሴት ናት። በዚያ ዓመት ዕድሉ ደረሳት። መላኩ ካላጸደቀ ቦታው ለተጠባባቂ ይተላለፋል።

ጸሐይዋ ገና ጠንካራ ነበረች። መላኩ ስልኩን በእጁ እንደያዘ እናቱ አጠገብ ቁጭ አለ።

«እማ፣ አንዴ ጉብታው ላይ ደርሼ ልምጣ?»

«ምን ልታደርግ?»

«አንዲት ልጅ ትምህርት ልትገባ ነው። እኔ እሺ ካላልኩ ይቀርባታል።»

«ታዲያ እዚህ ሆነህ እሺ አትልም?»

መላኩ ሳቀ። «ከዚህ አይሰማም።»

«ማን ናት? የሰው ልጅ ናት?»

«የሰው ልጅ ናት። ሴት ወይዘሮ፤ ልጆችም አሏት።»

«ሂድ እንግዲህ፣ እሺ በላት። ወገቧ እስኪቆረጥ አታስጠብቃት» አሉት።

ግንባራቸውን ስሞ ወጣ። ያን ሰዓት አንዳችንም አልከፋንም። እኔ እንዲያውም «ውሃ ያዝ» ብዬ ኮዳ ሰጥቼዋለሁ።

ከሄደ በኋላ እምዬ ተኙ። እኔና አበበች ደጅ ምስር እየለቀምን እናወራ ነበር። አበበች አንድ ነገር ልታመጣ ገባችና ቶሎ ተመልሳ ወጣች። ፊቷ ሌላ ሆኖ ነበር።

«ነይ እስቲ እያት» አለችኝ።

እምዬ ነቅተዋል። አተነፋፈሳቸው ግን ተለውጧል፤ አየሩን ከሩቅ እንደሚስቡት ነው። እጃቸውን ያዝኩ፤ ቀዝቅዟል።

«እምዬ፣ ምን ሆኑ? ምን ላምጣልዎት?»

«ምንም። መላኩ መጣ?»

«አሁን ይመጣል። አብሽሩ፣ ቅርብ ነው።»

«እስካሁን እሺ አላላትም እንዴ?» አሉ።

አበበች ፊቷን አዙራ በነጠላዋ አፏን ያዘች። እኔ ተነሳሁ። «አንቺ አጠገባቸው ሁኚ፤ እኔ ልጥራው» አልኳት። ደጅ ስወጣ መሮጥ መጀመሬን አላወቅሁም።

ጉብታው ከሥር ሲያዩት ቅርብ ነው፤ ሲወጡት ግን አያልቅም። ድንጋዩ ያንሸራትታል። ስሙን እየጠራሁ ነው የምወጣው፤ ነፋሱ ግን ድምፄን ወደ ታች ይመልሰዋል። እጄን እያውለበለብኩ ጮህኩ። ከላይ ቆሞ አየሁት፤ ጀርባውን ሰጥቶኛል። ስልኩን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ይዞራል።

ደርሼበት ሸሚዙን ያዝኩ። ትንፋሽ አጥሮኛል።

«መላኩ፣ እምዬ…»

«አንዴ! አንዴ ብቻ!» አለኝ ሳያየኝ። «የማረጋገጫ ቁጥሩ መጣ። ሁለት ጊዜ ጊዜው አልፎበት እንደገና ነው የላከልኝ። አሁን ካመለጠኝ…»

«እየጠሩህ ነው። ና እንሂድ።»

ያኔ ዞሮ አየኝ። ፊቴ ላይ ያየውን እኔ አላውቅም። ቁልቁል ወደ ቤቱ አየ፣ ከዚያ ስልኩን አየ። ቁጥሩን አስገብቶታል፤ ስክሪኑ መሃል ላይ ትንሿ ክብ ትዞራለች። እሱም ቆመ፣ እኔም ቆምኩ። ለምን እንደቆምኩ አላውቅም። ክቧ ዞረች፣ ዞረች፤ ከዚያ አረንጓዴ ምልክት መጣና «ጸድቋል» አለ።

ስልኩን ኪሱ ከተተና በሩጫ ቁልቁለቱን ተያያዘው። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ከጉብታው ግማሽ ላይ ስንደርስ የአበበች ድምፅ ተሰማ። ጩኸቷን ለመግለጽ አልሞክርም፤ ያ ድምፅ የደረሰበት ሰው ያውቀዋል። መላኩ መሮጡን አቆመ። ቆመ ስላችሁ በአንድ እግሩ ድንጋይ ላይ እንደወጣ፣ እንዲያው ቀጥ ብሎ ነው የቀረው። ከዚያ ቀስ ብሎ መራመድ ጀመረ። መጣደፍ የሚያስፈልግበት ነገር እንደሌለ ገብቶታል።

ቀብሩ በማግስቱ ሆነ። ከየመንደሩ ሰው መጣ፤ አቶ ይመርና ዘመዶቻቸው መቃብር ሲቆፍሩ ዋሉ። መላኩ ሲያለቅስ አላየሁትም። ሰው ሲያቅፈው ይታቀፋል፣ ሲያስቀምጡት ይቀመጣል። ሠልስቱን አውጥተን ወደ መካነ ሰላም ተመለስን።

እንደደረስን ሰው ለለቅሶ ወደ ቤታችን መምጣት ጀመረ። ከመጡት አንዷ ዘሃራ ነበረች። ልትሄድ ሻንጣዋን አዘጋጅታ፣ ከጉዞዋ በፊት ነው የመጣችው። ጫማዋን አውልቃ ገባችና ጎንበስ አለች።

«ጋሼ፣ አላህ ሶብሩን ይስጥዎት። ነፍሳቸውን በጀነት ያኑርልን።»

«አሚን» አለ መላኩ።

ዘሃራ ተቀመጠች። ዝም ብላ መሄድ ትችል ነበር፤ ግን ልቧ ሞልቷል። «ወላሂ ጋሼ፣ ውለታዎን በምን እከፍላለሁ? ያን ዕለት መልእክቱን አንብቤ ጮኼ ልጆቼን አስደነገጥኳቸው። በኋላ ሰይድ ሲነግረኝ፣ እናትዎ ታመው ሳለ ጉብታ ወጥተው ነው ያጸደቁልሽ ሲለኝ…» ዕንባዋ መጣ። «በእናትዎ ቦታ ሆና የምትመርቅዎት አላህ ይተካልዎት።»

መላኩ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ተነሳ፣ ጋቢውን ሰብስቦ ወደ ደጅ ወጣ።

ዘሃራ ደንግጣ ወደ እኔ ዞረች። «ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋሽም» አልኳት። «ሐዘኑ ነው። ደህና ተማሪ።» ሌላ አልነገርኳትም። እሷም ትምህርቷን ጀመረች። ዘሃራ፣ ይህን አንብበሽ ራስሽን ካወቅሽ፣ ያን ዕለት ያልኩሽን አሁንም እልሻለሁ። ምንም አላጠፋሽም። እንድትማሪ የፈቀዱልሽ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛዋን አታውቂያትም እንጂ።

መላኩን ይበልጥ የጎዳው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው። የሩብ ዓመቱ ስብሰባ ላይ ሲስተሙ በራሱ ያዘጋጀው ሪፖርት በፕሮጀክተር ቀረበ። ይህም ከአዲሶቹ ነገሮች አንዱ ነው፤ ማን ፈጥኖ ውሳኔ እንደሰጠ ያሳያል። የመላኩ ስም ከሁሉም በላይ ነበር። አለቃችን ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሊያጽናኑት ብለው ነው። «እናቱን እያስታመመ እንኳ የተገልጋይ ጉዳይ አላሳደረም። እንዲህ ያለ ሰው ነው የምንፈልገው» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ እጄን ጭኔ ላይ አጣብቄ ተቀመጥኩ። መላኩ ተነስቶ እጅ ነሳና ተመልሶ ተቀመጠ።

በማግስቱ አንድ ወረቀት ይዞ መዝገብ ቤት መጣ። ከኃላፊነቱ ተነስቶ ተራ ባለሙያ መሆን እንደሚፈልግ የጻፈው ነው።

«በሲስተሙ ላከው እንጂ» አልኩት።

«አንቺ ውሰጅልኝ» አለ።

ወሰድኩለት። አለቃው ብዙ ለመኑት፤ አልተመለሰም። ዛሬ ጥግ ላይ ያለ ጠረጴዛ አለው፤ ሥራውን ይሠራል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይወጣል። በእሱ ቦታ የተቀመጠው ሰይድ ነው።

ይህን ታሪክ የነገርኳቸው ብዙ ሰዎች ስልኩንና ሲስተሙን ይረግማሉ። እኔ አልረግምም። ሲስተሙ ባይኖር መላኩ ከእናቱ ጋር እነዚያን ቀናት አያገኝም ነበር። እግራቸውንም ሳያጥብ፣ ልክ እንደ ሁልጊዜው አድሮ ይመለስ ነበር። ዘሃራም እንደየዓመቱ ያኔም ቀርታ ቢሆን አስቡት፤ እሷም የሰው እናት ናት። ብዙ ጊዜ ተቀምጬ፣ የቱ ቢቀር ይሻል ነበር እያልኩ አስቤዋለሁ። የገባኝ አንድ ነገር ቢኖር ከየትም ቦታ ሆኖ መሥራት ይቻላል ማለት ሥራ የማያገኝህ ቦታ የለም ማለትም መሆኑን ነው። ያን ዕለት አዳራሽ ውስጥ ስንስቅ ይህን ያሰበ ሰው አልነበረም። እናንተም እንደኛ ከሆናችሁ ምናልባት አላሰባችሁትም ይሆናል።

የእኔ አባት የሚኖሩት አጅባር ነው፤ አርጅተዋል። አሁን ልጠይቃቸው ስሄድ ስልኬን መካነ ሰላም ትቼው ነው የምሄደው። ከመሥሪያ ቤት ተቆጥተውኛል። ይቆጡ።

እኔና መላኩ ስለዚያ ቀን አናወራም ነበር። የእምዬ ሙት ዓመት ሲደርስ ወደ ቀበሌው ሄድን። ድግሱ ተደግሶ ሰው ዳሱ ሥር ተቀምጧል። መላኩ ከእንግዶቹ መሃል ጠፋብኝና ቤት ውስጥ አገኘሁት፤ የእምዬ መኝታ የነበረው መደብ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አንቺ ልትጠሪኝ ስትወጪ ፊቷ ወዴት ነበር?» አለኝ።

ልዋሽለት እችል ነበር። ተኝተው ነበር፣ ምንም አያውቁም ነበር ማለት እችል ነበር። ግን ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ተሸክሞ እንደኖረ ከድምፁ ታወቀኝ።

«ወደ በሩ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ማልቀስ ጀመረ፤ እንደ ትልቅ ሰው አይደለም፣ ድምፅ አውጥቶ ነው ያለቀሰው። አበበች ሰምታ እየሮጠች ገባች፣ አቀፈችው። ሁለቱን ትቼ ወጣሁና ዳሱ ውስጥ ላሉት ሰዎች ምሳው ትንሽ እንደሚቆይ ነገርኳቸው።